የዛፍ ሞግዚት፦ የአልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ሕይወትና ሥራ

ስለ ቦይ፣ ስለ ግድብና ስለ ቧንቧ እንዲጽፍ የሚጠበቅ መሐንዲስ፣ ካረፈ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የሆነውን የአንድ የዕፅዋት ሊቅ ሕይወት ጻፍ ሲባል በመጀመሪያ ግር ማለቱ አይቀርም። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለሚመለከተው ግን ከሙያችን የራቀ አይደለም። የምንደክምለት ውሃ ሁሉ መድረሻው አንድ ነው፤ እርሱም የተክል ሥር ነው። ይሁን እንጂ ቦዩ ከማሳው ዳር ሲደርስ የእኛ ስሌት ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የመጨረሻ ጥቂት ሚሊሜትር ጉዞ፣ ማለትም ውሃው ከአፈር ቅንጣት ተላቅቆ ወደ ሥር የሚገባበትን መንገድ፣ ለሌላ ሰው ትተን እንሄዳለን። አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ዕድሜውን ያሳለፈው በእነዚያ ጥቂት ሚሊሜትሮች ውስጥ ነበር።

ይህን ሰው እንድፈልገው ያደረገችኝ ደሎ መና ናት። ለአንድ የቡና ችግኝ ጣቢያ የውሃ አቅርቦት እንድቀይስ ተልኬ ሄድሁ። የአንዱን ችግኝ የቀን ፍላጎት አሰላሁ፤ የጣቢያውን በርሜልና ቧንቧ በዚያው ልክ አዘጋጀሁ። የችግኝ ከረጢቶቹ የሚሞሉበትን አፈር በሚመለከት ግን ከሙያዬ ውጭ ገብቼ፣ ከጫካ አፈር ማመላለስ ወጪ ነውና ከጣቢያው አጠገብ ተቆፍሮ የሚወጣው አፈር ከወንዝ አሸዋ ጋር ቢደባለቅ ይበቃል ብዬ ወሰንሁ። ጣቢያውን የሚጠብቁት ሽማግሌ የጫካው አፈር የታለ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ነገሩን ከልማድ ቆጥሬው አለፍሁት። ሽማግሌው አልተከራከሩኝም። በአጥሩ ጥግ ለራሳቸው ጥቂት ከረጢት ከሐረና ጫካ ባመጡት አፈር ሞልተው ዘሩ። ከወራት በኋላ ስመለስ የእኔዎቹ ችግኞች በስሌቱ ልክ እየጠጡ ቀትር ላይ ይጠወልጉ ነበር፤ ቅጠላቸውም ገርጥቷል። የአጥሩ ጥጎች ግን ከዚያው ቧንቧ፣ ከዚያው መጠን እየጠጡ ቀና ብለው ቆመዋል። የጫካ አፈር ለምነቱም የተለየ ስለሆነ ይህ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ዐውቃለሁ። ቢሆንም አንድ የጎደለ ነገር መኖሩን አሳየኝ፤ የጎደለውን ስፈልግም ወደ ፍራንክ ደረስሁ።

ፍራንክ በድሬስደን ከተማ፣ ጀርመን፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1839 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1865 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ከዚያም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበትን ክፍል እየጠበቀ ያስተምር ነበር። ገና በወጣትነቱ የመረመረው ጉዳይ ሥር ለምን ወደ ታች፣ ግንድ ለምን ወደ ላይ እንደሚያድግ የሚመለከት ነው። ዕፅዋት የምድርን ስበት ተከትለው የሚያደርጉትን መታጠፍ በ1868 ጂኦትሮፒዝም ብሎ የሰየመው እርሱ ነው። ነገር የመሰየም ስጦታ የነበረው ሰው መሆኑ ከዚያ ይጀምራል፤ ወደፊት እንደምናየው ሌሎች ሦስት ስሞችንም ለሳይንስ አበርክቷል።

ሁለተኛው ስም የመጣው ከሊከን ነው። ሊከን የሚባለው በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ እንደ ሽበት የሚለጠፈው ነገር ሲሆን፣ ከሳነቴ ወደ ሪራ ሲወረድ በአስታው ዛፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሎ የሚታየውም ከዚሁ ወገን ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ የስዊስ ተወላጁ ሲሞን ሽቬንድነር፣ ሊከን አንድ ተክል ሳይሆን ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት አካል መሆኑን አስረዳ። እንደ ሽቬንድነር አስተያየት ግን ፈንገሱ ጌታ፣ አልጌው ባሪያ ነበር። ፍራንክ በ1877 ባሳተመው ጥናት ይህን አነጋገር አልወደደውም። ማን ማንን እንደሚጠቅም ሳይታወቅ ፍርድ መስጠት አይገባም በማለት፣ አብሮ መኖርን ብቻ የሚገልጽ፣ ለማንም የማያደላ ቃል ፈለገ፤ ሲምባዮቲስመስ አለው። ቃሉን ትንሽ ቀይሮ በዓለም ያሰራጨው አንቶን ደ ባሪ ስለሆነ ዛሬ የብዙ መጻሕፍት ምስጋና ለእርሱ ነው።

በ1880 ፍራንክ ስለ ዕፅዋት በሽታዎች ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። በዚያ ዘመን በዕፅዋት ሳይንስ ፈንገስ ማለት ጠላት ማለት ነበር። አየርላንድን ያስራበው የድንች በሽታ፣ የስንዴ ዋግ፣ የወይን ሻጋታ ሁሉ ከፈንገስ ወገን ይቆጠሩ ነበርና የዘመኑ ሊቃውንት ድካም ይህን ጠላት ማወቅና መከላከል ነበር። ፍራንክም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ስለ ፈንገስ ተቃራኒውን የተናገረው እንግዲህ የፈንገስን ክፋት የማያውቅ የዋህ ሰው ሳይሆን፣ ክፋቱን በመጽሐፍ የዘረዘረ ሰው ነው።

በ1881 በበርሊን ወደ ተቋቋመው የንጉሣዊ እርሻ ኮሌጅ በፕሮፌሰርነት ተዛወረ። የፕሩስያ የእርሻና የደን ሚኒስቴርም አንድ ሥራ ሰጠው። ሥራው ከሳይንስ ይልቅ ለገበያ የቀረበ ነበር። ትረፍል የሚባለው፣ ከመሬት በታች የሚበቅለውና በፈረንሳይ ገበታ ላይ ዋጋው የናረው እንጉዳይ፣ በፕሩስያ ደኖች ሊለማ ይችል እንደሆነ እንዲያጠና ታዘዘ። ትረፍል ከኦክና ከቢች ዛፎች ሥር እንደማይርቅ የታወቀ ስለነበረ ፍራንክ የእነዚህን ዛፎች ሥር መቆፈርና በማይክሮስኮፕ መመልከት ጀመረ። ትረፍሉን የማልማቱ ነገር ለሚኒስቴሩ ፍሬ አልሰጠም። ፍራንክ ግን ያልፈለገውን አገኘ።

ያገኘውም ይህ ነበር፦ ትረፍል በሚገኝበትም በማይገኝበትም ቦታ፣ የእነዚህ ዛፎች ውሃ መጣጭ ቀጫጭን ሥሮች ጫፋቸው በፈንገስ ክር ተጠቅልሎ ነበር። ጥቅሉ እንደ ካልሲ ሥሩን ዙሪያውን ይሸፍነዋል። ክሮቹ በሥሩ ውጫዊ ሕዋሳት መካከል ገብተው መረብ ይሠራሉ፤ ወደ ውጭም ወደ አፈሩ ይዘረጋሉ። የታመመ ሥር አይመስልም፤ ዛፉም ጤነኛ ነው። ፍራንክ ከዚህ ተነሥቶ ያደረገው መደምደሚያ መሐንዲስን የሚያስደስት ነው። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ከአፈሩ ጋር በቀጥታ አይነካካም፤ ስለዚህ ወደ ዛፉ የሚገባው ውሃና ከውሃው ጋር የሚሟሟው ማዕድን ሁሉ በፈንገሱ በኩል ማለፍ አለበት፤ ሌላ በር የለምና። ፈንገሱ ለዛፉ እንደ አጥቢ ሞግዚት ነው የሚለውን ምሳሌ የሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1885 በጀርመን የዕፅዋት ማኅበር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ይህን የሥርና የፈንገስ አንድ አካል ከግሪክ ቃላት በወሰደው ስም ማይኮራይዛ ብሎ ጠራው፤ የፈንገስ ሥር ማለት ነው። ፍራንክ ቃሉን የጻፈው በአንድ አር ፊደል ሲሆን በኋላ የመጡት ሁለት አድርገውታል፤ በእኛ ፊደል ቢጠብቅም ቢላላም ያው አንድ ራ ስለሆነ ከዚህ ጭቅጭቅ ድነናል።

ሥሩንና ፈንገሱን አብረው ያየ የመጀመሪያው ሰው ፍራንክ አይደለም። ቴዎዶር ሃርቲግ የሚባል የደን ሊቅ በ1840 ያንን በሕዋሳት መካከል ያለውን መረብ ሥሎት ነበር፤ ፈንገስ መሆኑን ግን አላወቀም። ፖላንዳዊው ፍራንቺሼክ ካሚንስኪም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቅጠለ አልባ ስለሆነ አንድ የጫካ ተክል ሲጽፍ፣ ተክሉ ምግቡን የሚያገኘው በፈንገስ አማካይነት ነው ብሎ ነበር። ፍራንክ የጨመረው ነገር ይህ ልዩ ገጠመኝ ሳይሆን የደን ዛፎች የዕለት ተዕለት ኑሮ መሆኑን ማሳየቱ ነው።

ተቃውሞው ወዲያው መጣ። ዋናው ተቃዋሚ በሙኒክ የነበረው ሮበርት ሃርቲግ፣ የዚያ መረቡን ያየው የቴዎዶር ልጅ ነበር። አባት አይቶ ያላወቀውን ልጅ ሲነገረው አልተቀበለም። ሮበርት ሃርቲግ የዛፍ በሽታን ሳይንስ የመሠረተ ታላቅ ሰው ስለነበረ ቃሉ ይሰማ ነበር፤ እርሱ እንደሚለው ፈንገሱ ጥገኛ ነው፣ ዛፉም ያለ ፈንገስ ይኖራል። ሌሎችም ፍራንክ ያየውን ሳይክዱ ትርጓሜውን ብቻ ነቀፉ። ክርክሩ በቃላት ሊያልቅ አይችልም ነበር።

ፍራንክ በሙከራ መለሰ። የፓይን ዘር በሁለት ዓይነት ማሰሮ ዘራ፤ አፈሩ ከአንድ ደን የመጣ ነበር። የአንደኛው ወገን አፈር በሙቀት እንዲመክን ተደረገ፤ የሌላው እንዳለ ተተወ። በመከነው አፈር የበቀሉት ችግኞች ማይኮራይዛ አላበጁም፤ ሥራቸው የተለመደውን የሥር ፀጉር አወጣ፤ እነርሱ ግን ደካሞችና ቀጫጮች ሆኑ። ባልመከነው አፈር የበቀሉት በፈንገስ ተሸፍነው ለመለሙ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ያሳተመው ይህ ውጤት ተቃዋሚዎቹን ሁሉ ዝም አላሰኘም፤ አፈር በሙቀት ሲመክን ሌላም ለውጥ ያደርጋልና ነቀፋቸው ፈጽሞ መሠረት የለሽ አልነበረም። እኔም በደሎ መና ችግኞች ላይ ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ ያው ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ከክርክር አውጥቶ በማሰሮ ውስጥ እንዲቆጠርና እንዲመዘን ያደረገው እርሱ ነው፤ ዛሬም የዚህ ሙያ ሰዎች የሚሠሩት የዚያኑ ሙከራ ዓይነት ነው።

አራተኛው ስም ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ ለፍራንክም ያን ያህል የማያስመሰግን ታሪክ አለው። በባቄላ፣ በአተርና በምስር ሥር ላይ የሚታዩት እባጮች ምን እንደሆኑ በዘመኑ አይታወቅም ነበር። ፍራንክ በ1879 አፈር በሙቀት ሲመክን እባጩ እንደማይወጣ አሳይቶ ነበር፤ ነገሩን ሊያውቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር ማለት ይቻላል። በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ በእባጩ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ሕይወት የላቸውም፣ ተክሉ ያከማቸው ፕሮቲን ናቸው አለ። በ1886 ሄርማን ሄልሪገል እነዚህ ተክሎች በእባጮቻቸው አማካይነት የአየሩን ናይትሮጅን እንደሚጠቀሙ በዚያው በበርሊን አስታወቀ፤ በ1888 ደግሞ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ባየሪንክ ባክቴሪያውን ለይቶ አሳደገው። ፍራንክ በ1889 ስሕተቱን አርሞ ለባክቴሪያው ራይዞቢየም የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ይሁን እንጂ ናይትሮጅንን ከአየር የመውሰድ ችሎታ የዕፅዋት ሁሉ ነው የሚለውን እምነቱን አልተወም፤ በዚህ ተሳስቷል። በፈንገሱ ጉዳይ ብቻውን ቆሞ ትክክል የነበረው ሰው፣ በእባጩ ጉዳይ እንደዚያው ግትር ሆኖ ስቷል። በሕይወቱ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ያው ጽናት አንድ ጊዜ ሲጠቅመው ሌላ ጊዜ ጎድቶታልና።

በ1887 ማይኮራይዛን በሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ሥሩን ከውጭ የሚሸፍነው፣ በኦክ፣ በቢችና በፓይን የሚታየው ነው። ሁለተኛው ከውጭ ሳይታይ ወደ ሥሩ ሕዋሳት ውስጥ የሚገባው ሲሆን፣ ፍራንክ ያገኘው በኦርኪድና በአስታ ወገን ተክሎች ላይ ነው። ዛሬ የምናውቀውና የሰብል ተክሎችን የሚመለከተው ትልቁ ክፍል፣ በሕዋሱ ውስጥ እንደ ትንሽ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣው ፈንገስ፣ በዝርዝር የተጠናው ከፍራንክ በኋላ ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ቡና ሁሉ ከዚህ ፈንገስ ጋር ይኖራሉ። የማይስማሙም አሉ፤ ጎመንና ጎመንዘር፣ ቀይ ሥር፣ ግብጦ ከፈንገሱ ጋር አይወዳጁም። በባሌ ጎመንዘር ከስንዴ ጋር እየተፈራረቀ በሚዘራበት ማሳ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ጎመንዘር ባለበት ወቅት ፈንገሱ የሚያስጠጋው አያገኝምና።

ከውሃ አንጻር ፍራንክ ምን ያህል ትክክል ነበር? ፈንገሱ ውሃ ወደ ተክሉ የሚያስገባ በር ነው ማለቱን ቃል በቃል ብንወስደው የእኛ ሙያ ጥርጣሬ ያስነሣል። የፈንገሱ ክር ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ነው። በጠባብ ቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ በፑዋዜይ ሕግ መሠረት የስፋቱን አራተኛ ኃይል ተከትሎ ይቀንሳል፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክር ውስጥ የሚሄደው ውሃ እጅግ ጥቂት ነው። በ1971 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ማይኮራይዛ ያለው አኩሪ አተር ውሃን በቀለለ ሁኔታ እንደሚያሳልፍ ለኩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ፈንገስ ለሌለው ተክል በቂ ማዳበሪያ ሲሰጠው ልዩነቱ እንደሚጠፋ አሳዩ። በእነርሱ ሙከራ ጥቅሙ የመጣው በአብዛኛው ተክሉ በደንብ ስለተመገበ ነበር ማለት ነው።

ይህ ግን ፍራንክን አይሽረውም። አፈር ሲደርቅ መጀመሪያ ባዶ የሚሆኑት ሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ናቸው፤ የቀረው ውሃ የሥር ፀጉር ሊገባበት ወደማይችል ጠባብ ቀዳዳ ያፈገፍጋል። ሥሩም ይኮማተርና በእርሱና በአፈሩ መካከል የአየር ክፍተት ይፈጠራል። ቀጭኑ ክር ያንን ክፍተት ይሻገራል፤ ወደ ጠባቡ ቀዳዳ ይገባል። ፎስፈረስ በደረቅ አፈር ውስጥ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ሥር በአንድ ወይም በሁለት ሚሊሜትር ዙሪያ ያለውን ከጨረሰ በኋላ ይራባል፤ ክሩ ግን ብዙ ሴንቲሜትር ርቆ ያመጣለታል። ክሮቹ የአፈሩን ቅንጣቶች አሥረው ስለሚይዙ አፈሩ ራሱ ውሃ የመያዝ ጠባዩ ይሻሻላል። የተመገበ ተክል ሥሩን ይዘረጋል፤ በድርቅ ጊዜም የቅጠሉን ቀዳዳዎች በአግባቡ እየከፈተና እየዘጋ ያንኑ ውሃ ወደ ብዙ ምርት ይለውጣል። ሞግዚትነቱ እንግዲህ ፍራንክ ከገመተው ይልቅ የተወሳሰበ ቢሆንም ሞግዚትነት ነው። ደመወዝም አለው፤ ተክሉ ከብርሃን ከሠራው ስኳር የተወሰነውን ድርሻ ለፈንገሱ ይከፍላል። የፎስፈረስ ማዳበሪያ በገፍ ሲሰጠው ተክሉ ሞግዚቱን ያሰናብታል፤ ክፍያውንም ያቋርጣል። ማሳ በትራክተር ደጋግሞ ሲገለበጥ ደግሞ የክሩ መረብ ይበጣጠሳል።

ፍራንክ በመጨረሻ ዓመታቱ ወደ ጀመረበት ወደ ዕፅዋት በሽታ ተመልሶ በመንግሥት የጤና ጽሕፈት ቤት ሥር በተቋቋመው የእርሻና የደን የሥነ ሕይወት ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1900 በርሊን ውስጥ አረፈ፤ ዕድሜው 61 ነበር። ስለ ማይኮራይዛ የተናገረው በጠቅላላው ተቀባይነት ሳያገኝ ነው የሞተው።

ምስክርነቱን የሰጡለት ከሞተ በኋላ የተተከሉ ዛፎች ናቸው። ፓይን በተፈጥሮ ወደማይገኝባቸው አገሮች ዘሩ ሲወሰድ፣ በምዕራብ አውስትራሊያ በ1920ዎቹ፣ በፖርቶ ሪኮ በ1950ዎቹ፣ ችግኞቹ እየቀጨጩ ቆዩ። ፓይን ከበቀለበት ቦታ ጥቂት አፈር ሲመጣላቸው ግን ማደግ ጀመሩ። በሀገራችንም በ2003 በታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች በደረቅ ደጋ ደኖቻችን ያሉትን ዝግባን፣ የሐበሻ ጽድንና ወይራን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎች ሥር መርምረው ፈንገሱን አግኝተውበታል። በ2007ና በ2008 ደግሞ በቦንጋ ጫካና በደቡብ ምዕራብ የቡና ይዞታዎች የተደረጉት ጥናቶች የዚህን ፈንገስ ዘር በቡና ጥላ ዛፎች ሥር ቆጥረዋል።

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ የፍራንክን መጽሐፍ በእግሩ ያነብባል ማለት ይቻላል። 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከሳነቴ ጅብራ ወርዶ በአስታው መካከል ሲያልፍ ፍራንክ በ1887 የለየውን የውስጥ ፈንገስ ይረግጣል። ወደ ኮሶውና ወደ ዝግባው፣ ከዚያም በሐረና ጥላ ሥር ራሱን ዘርቶ ወደሚበቅለው ቡና ሲደርስ ሌላኛውን ወገን ያገኛል። 1300 ሜትር ገደማ ላይ ደሎ መና ሲደርስ ጫካው ያልቃል፤ ሙቀቱ ይጀምራል፤ ሰውም ስለ ወልመል ወንዝና ስለ መስኖ ይነጋገራል። እኔም የመጣሁት ለዚያ ነበር።

የራይዞቢየም ባክቴሪያ በፋብሪካ ስለሚራባ ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር እየታሸገ ለገበሬው ይደርሳል። የሰብሎቻችን ማይኮራይዛ ግን ከሕያው ሥር ተለይቶ አይራባም፤ ለማባዛት ተክል መትከል ያስፈልጋል። ስለዚህ ለደሃ ችግኝ ጣቢያ እስካሁን ቅርቡ ምንጭ የጫካ አፈር ነው፤ እርሱም ትልና በሽታ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ጫካውም ስለሚራቆት፣ በጥቂቱና ከጤነኛ ቡና ሥር ብቻ መወሰድ ይኖርበታል። በሚቀጥለው ወቅት የጣቢያውን የሥራ ዝርዝር ሳዘጋጅ ከቧንቧውና ከበርሜሉ ቀጥሎ ለጫካ አፈር ማመላለሻ አንድ መስመር አስገባሁ። ስንት የአህያ ጭነት እንደሚበቃ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥርም እንደሚነሣ የነገሩኝ ግን እኚያው ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ የጻፍሁት ቁጥሩን ብቻ ነው።